ሞተሩን ተዉት፣ ውልብልቢቱን እዩት

«አውሮፕላን የሠራ ወጣት» የሚል ዜና ስልካችን ላይ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ ይታወቃል። «ሞተሩ ስንት ፈረስ ጉልበት አለው?» ቀጥሎ «ከየት አመጣው?» ይመጣል። ስለ ውልብልቢቱ፣ ማለትም ስለ ፕሮፔለሩ የሚጠይቅ ግን ብርቅ ነው። ፊት ላይ የምትሽከረከር ነገር አለች፣ በቃ። ከቤት ቬንትሌተር የተለየች አትመስለንም።

እ.ኤ.አ. በ2015 አስመላሽ ዘፈሩ የተባለው ኢትዮጵያዊ በፎልክስዋገን ሞተር የሠራትን ኬ-570ኤ የተባለች አውሮፕላን ለሙከራ ሲያቀርብ የዓለም ሚዲያ ሳይቀር ዘግቦለታል። የሚደነቅ ጽናት ነው። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ሕልም ያላቸውን ወጣቶች በየክልሉ እናያለን። የእኔ ነጥብ ለእነሱ ነው፣ በተለይ ደብረ ብርሃንና አንኮበር ሆነው ሰማይ ሰማይ ለሚያዩት። እኛ ባለንበት ከፍታ መብረር የሚፈልግ ሰው ትልቅ ሞተር ከመፈለጉ በፊት ውልብልቢቱን ይማር። ያውም ማዕዘኑ የሚቀያየረውን ዓይነት።

ፓይለት አይደለሁም፣ ያጠናሁት ኢኮኖሚክስ ነው። ግን ነገሩን ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት የኢኮኖሚክስ ጥያቄ ነው። ያለችህን ትንሽ ጉልበት የት ላይ፣ መቼ ታውላታለህ?

ማርሽ የሌለው አይሱዙ

ከደብረ ሲና ተነስቶ ጣርማ በርን የሚወጣ፣ ጭነት የሞላ አይሱዙ አስቡ። ሾፌሩ ዳገቱን በአምስተኛ ማርሽ ልውጣው ቢል ሞተሩ ያቃስታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ መጨረሻ ላይ ይጠፋል። ሞተሩ ጉልበት አጥቶ አይደለም። ጉልበቱን የሚሰጥበት ዙር ላይ እንዳይደርስ ታስሮ ነው። ማርሽ ሲቀንስለት ሞተሩ በደንብ ይዞራል፣ መኪናውም ቀስ እያለ ይወጣል። ከላይ ደርሶ የደብረ ብርሃንን ሜዳ ሲይዝ ደግሞ በሁለተኛ ማርሽ ልቀጥል ቢል ሞተሩ ይጮኻል፣ ነዳጅ ይበላል፣ መንገዱ ግን አይገፋም።

ለአውሮፕላን ማርሹ ውልብልቢቱ ነው። መቅዘፊያዎቹን ልብ ብላችሁ ካያችኋቸው ጠመም ብለው የተሠሩ ናቸው። ያቺ ጥመት፣ ባለሙያዎቹ ፒች የሚሏት ማዕዘን፣ ውልብልቢቱ በአንድ ዙር ምን ያህል አየር እንደሚጎርስ ትወስናለች። ጠባብ ማዕዘን ማለት ትንሽ ጉርሻ ነው። ለሞተሩ ይቀለዋል፣ ቶሎ ሙሉ ዙሩ ላይ ይደርሳል። ሰፊ ማዕዘን ትልቅ ጉርሻ ነው። ሞተሩ ዝግ ብሎ እየዞረ አውሮፕላኑ ሩቅ ይራመዳል።

እስቲ ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር ክፈቱ። በደቂቃ 2,400 ጊዜ የሚዞር ውልብልቢት በሰከንድ 40 ጊዜ ይዞራል። አውሮፕላኑ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከፍታ ሲይዝ በሰከንድ 25 ሜትር ይጓዛል። ለ40 ስታካፍሉት በአንድ ዙር 62 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ያው አውሮፕላን በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ሲከንፍ በአንድ ዙር 1 ሜትር ከ25 ይራመዳል። እርምጃው በእጥፍ አደገ ማለት ነው። ሜዳው ላይ መንደርደር ሲጀምር ደግሞ እርምጃው ዜሮ ነው። ታዲያ አንድ ቋሚ ማዕዘን ለሦስቱም እንዴት እኩል ይስማማል? አይስማማም። ማዕዘኑ የማይለወጥ ውልብልቢት ያለው አውሮፕላን በአንድ ማርሽ ብቻ ጣርማ በርንም ሜዳውንም እንዲነዳ የተፈረደበት አይሱዙ ነው። ፋብሪካው መሐል ላይ ያለች አንዲት ማዕዘን ይመርጥለታል፣ ለመነሳትም ለጉዞም የተሟላች አትሆንም።

ከፍታ የወለደው ፈጠራ

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን እንምጣ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,840 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በመደበኛ ሁኔታ የባሕር ወለሉን 75 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቀኑ ከሞቀ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ውጤቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር ስለሚሳሳ ባሕር ወለል ላይ 80 ፈረስ ጉልበት የሚሰጠው እዚህ 58 አካባቢ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ 15 በመቶ ገደማ የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል። ጉልበቱ ቀነሰ፣ የሚጠየቀው ፍጥነት ጨመረ። ዕዳው ከሁለት በኩል ነው የመጣው።

ይህንን ችግር ቀድመው የተጋፈጡት አሜሪካኖች ናቸው። ቦይንግ 247 የተባለው የመንገደኞች አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1933 ሥራ ሲጀምር ማዕዘኑ የማይለወጥ ውልብልቢት ነበረው። የሮኪ ተራሮችን ለማቋረጥ ዋዮሚንግ ግዛት ውስጥ ካለችው ቼየን ከተማ ሲነሳ ግን አቅም አነሰው። ፍራንክ ካልድዌል የተባለው የሐሚልተን ስታንዳርድ መሐንዲስ እዚያው ሄዶ፣ ሞተሩን ሳይቀይር፣ ማዕዘኑ የሚለወጥ ውልብልቢት አስገጥሞ ሞከረው። ለመነሳት የሚያስፈልገው ርቀት በ20 በመቶ አጠረ፣ ከፍታ የሚይዝበት ፍጥነት በ22 በመቶ አደገ፣ የጉዞው ፍጥነትም በ5 በመቶ ተኩል ጨመረ። በዚሁ ሥራ ድርጅቱ በአሜሪካ አቪዬሽን ትልቅ የሆነውን የኮሊየር ሽልማት አገኘ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቼየን ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። ከአዲስ አበባም ከደብረ ብርሃንም ታንሳለች! ዓለም «ከፍታ አስቸገረኝ» ብሎ ይህንን ዕቃ ያበለጸገው ከእኛ በታች ባለ ከተማ ነው። እኛ ታዲያ ከእነሱ በላይ ሆነን ስለ ፈረስ ጉልበት ብቻ እናወራለን።

ታሪካችንም ከዚህ ሩቅ አይደለም። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1935 የበረረችው «ፀሐይ» 115 ፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ነው ይህን ስስ አየር የቀዘፈችው። ጣሊያን አገር ለአሥርት ዓመታት ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳልናለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ የያዛቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች ማዕዘኑን ራሱ የሚያስተካክል የሐሚልተን ስታንዳርድ ውልብልቢት የተገጠመላቸው ነበሩ። ያ ሳይሆን ደጋው ላይ ጭነት ይዞ መነሳት ምን ያህል ከባድ ይሆን እንደነበር መገመት አያቅትም።

ዛሬም ዓይናችሁ ፊት ነው። ቦሌ ላይ የቆመ ኪው-400 ካያችሁ ስድስቱን መቅዘፊያዎች ተመልከቱ። ሞተሩ ሲጠፋ ስለታቸውን ወደ ፊት አዙረው ይቆማሉ። ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ጎንደር ስትበሩ ደግሞ ከተነሳ ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ወፈር፣ ረገብ ይላል። ሞተር የተበላሸ መስሎት የሚደነግጥ መንገደኛ አይጠፋም። ነገርዬው ግን ሌላ ነው። ውልብልቢቱ ለመነሳት በደቂቃ 1,020 ዙር ነበረ፣ ለመውጣት ወደ 900፣ ለጉዞ ወደ 850 ወረደ። ማርሽ ተቀየረ፣ ያ ነው። የአዳማ የነፋስ ተርባይኖችም ተመሳሳይ ጥበብ ነው የሚጠቀሙት፣ አቅጣጫው ብቻ ተገልብጦ። ነፋሱ ሲበረታ መቅዘፊያቸውን አዙረው ትርፉን ያሳልፉታል።

እጀታው እንዴት ነው የሚያዘው?

ሞተር ግላይደር ማለት ረጅም ክንፍ ያለው፣ በሞተሩ ተነስቶ ከፍታ ከያዘ በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል አውሮፕላን ነው። ስለዚህ ውልብልቢቱ ሦስት ሥራ አለበት። ሲነሳ ጠባብ ማዕዘን፣ ሲጓዝ ሰፊ ማዕዘን፣ ሲንሳፈፍ ደግሞ ስለቱን ለነፋስ ሰጥቶ ዝም ማለት። ይቺ ሦስተኛዋ ፌዘር ትባላለች። እሷ ከሌለች የቆመው መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ነፋሱ እያሽከረከረው ከሆነ መጎተቱ ይብሳል። የግላይደር ትርፉ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ይፈስሳል።

ኦስትሪያ ውስጥ የተሠራውን ዲሞና የተባለ ሞተር ግላይደር ብንወስድ 80 ፈረስ ጉልበት ባለው ሞተሩ ላይ የተገጠመው ውልብልቢት እነዚህን ሦስት ቦታዎች የያዘ ነው። ፓይለቱ በእጁ እየመረጠ ይቀያይራቸዋል። ፌዘር የሚደረገው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። መቼ፣ በምን ፍጥነት፣ በስንት ዙር የሚለውን የአውሮፕላኑ መመሪያ መጽሐፍ ይወስናል፣ የጓደኛ ምክር አይደለም።

ከዚህ ከፍ ያለው ዓይነት ዙሩን ጠብቆ የሚሄደው ነው። ፓይለቱ ማዕዘኑን አይመርጥም፣ ዙሩን ይመርጣል። ገቨርነር የሚባል መሣሪያ ውስጥ የሚሽከረከሩ ትናንሽ ክብደቶችና ስፕሪንግ አሉ። ዙሩ ከታዘዘው በላይ ሲወጣ ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ የዘይቱን መንገድ ይቀይራሉ፣ ዘይቱ መቅዘፊያዎቹን ወደ ሰፊ ማዕዘን ይገፋል፣ ዙሩ ይወርዳል። ዙሩ ሲያንስ ተቃራኒው ይሆናል። ሾፌሩ ማርሽ ሳይነካ ራሱን እንደሚቀይር አውቶማቲክ መኪና ማለት ነው።

አጠቃቀሙ ላይ መሠረታዊዎቹ ነገሮች ጥቂት ናቸው፣ ግን ሰው የሚያተርፉና የሚያጠፉ ናቸው። ለመነሳት፦ ጠባብ ማዕዘን፣ ሙሉ ዙር። ሙሉ ነዳጅ ሰጥተህ ዙሩ መመሪያው ከሚለው በታች ከቀረ አትነሳ፣ ምናልባት ማዕዘኑ ጉዞ ላይ ተረስቷል። በደጋ አየር ላይ ያቺ ስህተት አውሮፕላኑን ከሜዳው ጫፍ ሳያሻግር ታስቀረዋለች። ዙር ጠባቂ ውልብልቢት ሲሆን ደግሞ የተለመደው ሕግ ይህ ነው፦ ጉልበት ስትጨምር መጀመሪያ ዙሩን፣ ቀጥሎ ነዳጁን። ስትቀንስ መጀመሪያ ነዳጁን፣ ቀጥሎ ዙሩን። ምክንያቱን አይሱዙው ነግሮናል፤ በአምስተኛ ማርሽ እየረገጡ ዳገት መውጣት ሞተር መግደል ነው። ለማረፍ ስትቃረብም ወደ ጠባብ ማዕዘን መመለስ አለብህ፣ ሜዳው ላይ ከብት ገብቶ እንደገና መነሳት ቢያስፈልግ ጉልበቱ ዝግጁ እንዲሆን።

ለምን አንኮበር?

«እሺ፣ ግላይደር አንኮበር ላይ ምን ይሠራል?» ትሉኛላችሁ። መልሱን አሞሮቹን ጠይቁ። ደጋው ድንገት ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት በዚያ አፋፍ ላይ ጥንብ አንሳና ንስር ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ወደ ላይ ሲወጡ የአንኮበር ልጅ ሁሉ ያያል። ነፋሱ ከገደሉ ፊት ጋር ሲጋጭ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ፀሐይ ያሞቀችው ቆላም አየሩን ወደ ላይ ይልከዋል። አሞራው ጉልበቱን አይደለም የሚያወጣው፣ የሰማዩን ጉልበት ነው የሚበደረው።

ይህ ደግሞ ቅዠት አይደለም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ኮሊን ፔኒኩይክ ታንዛኒያ፣ ሴሬንጌቲ ላይ ኤኤስኬ-14 በሚባል ሞተር ግላይደር ከጥንብ አንሳዎች ጋር እየተንሳፈፈ አበራረራቸውን አጥንቷል፣ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1972 አሳትሟል። የዚያ ግላይደር ሞተር ከሞተር ሳይክል እምብዛም የማይበልጥ ጉልበት ነው ያለው። ውልብልቢቱ ግን ፌዘር ይሆናል። ምሥጢሩ እዚያ ላይ ነው። ሩቅ የወሰደው የሞተሩ ትልቅነት አልነበረም፣ ሞተሩ ሲጠፋ ከመንገድ ዞር ማለት የሚችል ውልብልቢት ነው። የአእዋፍ ጥናት፣ የደን ቅኝት፣ ቱሪዝም፣ የፓይለት ሥልጠና ቢባል አንኮበር ለሁሉም የሚሆን አፋፍ አላት።

አደጋውንም አንደብቅ። ያው ነፋስ ከተራራው ጀርባ ሲሆን ወደ ታች ይጫናል። የአንኮበር ጉም ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚመጣው። እዚያ ላይ ሞተር ቀስቅሶ ማዕዘኑን በትክክለኛው ቅደም ተከተል መመለስ የማያውቅ ሰው ገደሉ ይቀበለዋል። ለዚህ ነው «መጀመሪያ እንብረር፣ ከዚያ እንማራለን» የሚለው ነገር የማይሠራው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፣ አየር ላይ ግን መልቀም የለም።

ሂሳቡ

እንደ ኢኮኖሚክስ ተማሪ የተቃራኒውን ወገን ክርክር መዝለል አልችልም። ማዕዘኑ የማይቀየር ውልብልቢት ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ የሚበላሽ ነገር የለውም። የሚቀየረው ግን ውስጡ መጋጠሚያ፣ ማኅተምና ዘይት አለበት፣ በየተወሰነ ሰዓትና ዓመት ተፈትቶ መታየት ይፈልጋል፣ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ነው። ባለሙያ በሌለበት ቦታ ዘመናዊ ዕቃ ሀብት አይደለም፣ ዕዳ ነው። በዚህ ላይ «ሕዝቡ የሚቸገርበት ሌላ ነገር ሞልቶ ስለ ግላይደር?» የሚል ይኖራል።

ክርክሩን እቀበላለሁ፣ መደምደሚያውን ግን አልቀበልም። ችግሩ የባለሙያ እጥረት ከሆነ መፍትሔው ባለሙያ ማፍራት ነው። ባለሙያ ለማፍራት ደግሞ አውሮፕላን መግዛት አያስፈልግም። አንድ ጠረጴዛ ይበቃል። መሬት ላይ ብሎኑ ተፈትቶ ማዕዘኑ የሚስተካከል ትንሽ ውልብልቢት፣ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ግፊቱን የሚለካ ሚዛን፣ ማዕዘን መለኪያና ጠንካራ መከላከያ ሽቦ። ማዕዘኑን 10፣ 15፣ 20፣ 25 ዲግሪ እያደረጉ ግፊቱንና ሞተሩ የሚስበውን ኤሌክትሪክ መመዝገብ ነው። ከዚያ ፊት ለፊቱ ትልቅ ቬንትሌተር አቁሞ እንደገና መለካት። ነፋስ በሌለበት የሚያሸንፈው ማዕዘን ነፋስ ሲመጣ እንደማያሸንፍ ተማሪው በዓይኑ ያያል። ያንን ያየ ልጅ ሁለተኛ «ስንት ፈረስ ጉልበት?» ብቻ ብሎ አይጠይቅም።

ዙር መቁጠሪያ የለንም የሚል ካለ ደግሞ መቁጠሪያው ኪሱ ውስጥ ነው። የድምፅ ድግግሞሽ የሚያሳዩ ነፃ አፕሊኬሽኖች አሉ። ባለ ሦስት መቅዘፊያ ውልብልቢት ሲዞር ስልኩ 120 ኸርዝ ካሳየ ለ3 አካፍሉት፣ በሰከንድ 40 ዙር ነው። በ60 ሲባዛ 2,400 ዙር በደቂቃ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ከውልብልቢቱ ጎን በመዞሪያው መስመር ላይ አትቁሙ፣ መከላከያ ሳይኖር አታስነሱት። ትንሹም ቢሆን ጣት ይቆርጣል።

ይህንን ለማድረግ ደብረ ብርሃን ምን ይጎድላታል? ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አላት፣ ብረት የሚበይድ፣ እንጨት የሚጠርብ፣ የአይሱዙ ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ ጎበዝ ሞልቷል። የምህንድስና ክፍሉ ጠረጴዛውን ያዘጋጅ፣ ኮሌጁ እጁን ያዋጣ፣ ተማሪዎች ውጤታቸውን በአማርኛ እየጻፉና ቪዲዮ እየቀረጹ ይልቀቁት። ደረጃ በደረጃ ይሂድ። መጀመሪያ መሬት ላይ የሚስተካከለው፣ ቀጥሎ ባለ ሦስት ቦታው፣ ዙር ጠባቂው መጨረሻ ላይ። አየር ላይ ለሚወጣው ነገር ሁሉ ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድና ብቁ አሠልጣኝ የግድ ነው። ጠረጴዛው ግን ዛሬ ፈቃድ አይጠብቅም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ስስ አየር ዕጣችን ነው፣ ልናወፍረው አንችልም። ትልቅ ሞተር የመግዣ ዶላሩም በቀላሉ አይገኝም። በእጃችን ያለው ያችኑ 58 ፈረስ ጉልበት ሳትባክን መጠቀም ነው፣ እሷ ደግሞ የምትድነው ወይም የምትባክነው ጥቂት ዲግሪ በምትሆን ጥመት ላይ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ወጣት የሠራውን አውሮፕላን ይዞ ስልካችሁ ላይ ብቅ ሲል ኮሜንት ላይ አንዲት ጥያቄ ጨምሩለት፦ «ወንድሜ፣ ማዕዘኑ ስንት ነው? ይቀየራል?» መልስ ካለው አበረታቱት። ከሌለው ደግሞ አትሳቁበት፣ ጠረጴዛው ያለበትን አሳዩት።